ልጆች በጨዋታ እንዲማሩ ቤትንና ቀንን ማሰናዳት፦ በመሀል አዲስ አበባ ለሚኖሩ ወላጆች ዝርዝር መመሪያ

እንግዳ ቤታችን መጥቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን። በአማርኛ ጨዋታ ሩጫና ዝላይ ብቻ ሳይሆን ወግም ነው፤ የቃሉ ድርብ ትርጉም ደግሞ ስለ ልጆች ትምህርት ብዙ ይነግረናል፤ ልጅ ሲጫወት ከዕቃው፣ ከጓደኛውና ከራሱ ጋር ወግ ይዟልና፤ ይጠይቃል፣ ይሞክራል፣ መልስም ያገኛል። ሆኖም እንግዳውን «ተጫወት» ያለው ያው ወላጅ ዞር ብሎ ልጁን «ጨዋታህን ተውና አጥና» ይለዋል።

እኔም ለዓመታት እንዲሁ እል ነበር። ልደታ አካባቢ በሚገኝ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር፣ «አራትን ከፋፍሎ መደመር አልገባትም» ብዬ በመዝገቤ ላይ የጻፍሁባት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ደረጃው ሥር ተቀምጣ በአምስት ጠጠር ቅልብልቦሽ ስትጫወት አገኘኋት። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ እስክትቀልበው ድረስ ከመሬት በመጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻም አራቱን በአንድ ጊዜ ታፍስ ነበር። ሰሌዳ ላይ አልገባትም ያልሁትን ስሌት እጇ አጥርቶ ያውቀው ኖሯል። እኔ ግን ይህን ያስተዋልሁት «ልብስሽን ታቆሽሺያለሽ» ብዬ ጠጠሮቹን ከቀማሁና ከጣልሁ በኋላ ነው። ያ ጥፋት ከዚያ በኋላ ያስተማርሁበትን መንገድ ቀይሮታል።

መመሪያው ከልደት እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ፣ በኮንዶሚኒየም፣ በቀበሌ ቤት ወይም በአንዲት የኪራይ ክፍል ለሚኖሩ ወላጆችና አሳዳጊዎች የተዘጋጀ ነው። ሰፊ ግቢም ሆነ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም።

አንደኛ፦ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይቀይሩ ይመልከቱ

አንድ ትንሽ ደብተር ይያዙና በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ያህል ልጅዎ በምን፣ ከማን ጋርና እስከ መቼ እንደሚጫወት ይጻፉ። ከሁሉ በላይ የሚደጋግመውን ነገር ይፈልጉ። አንዱ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ይወረውራል፤ ሌላዋ ስኒ ውስጥ ባቄላ ትሞላለች፣ ትገለብጣለች፣ እንደገና ትሞላለች፤ ሦስተኛው ጫማዎችን በተርታ ይደረድራል። ይህ ድግግሞሽ ረብሻ ሳይሆን ልጁ በዚያ ሰሞን የሚያጠናው ትምህርት ነው። ወርዋሪው ክብደትንና ርቀትን፣ ሞይዋ መጠንን፣ ደርዳሪው ቅደም ተከተልን እየመረመረ ነው። ስለዚህ ወርዋሪውን ከመቆጣት ይልቅ ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስና አንድ ቅርጫት ይስጡት።

ከሌሎች ልጆች ጋር ያለውንም ሁኔታ ያስተውሉ። ሚልድረድ ፓርተን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1932 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት፣ ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን ከመጫወትና ሌሎችን ከመመልከት ጀምረው፣ ጎን ለጎን ሆነው እየራሳቸው ወደ መጫወት፣ ከዚያም ዕቃ ወደ መለዋወጥና በመጨረሻ ሥራ ተከፋፍለው በኅብረት ወደ መጫወት እንደሚያዘነብሉ አሳይታለች። የሁለት ዓመት ልጅ ከጎረቤት ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ለየብቻ ቢጫወት ዕድሜው የሚፈቅደውን እያደረገ ነው። ቆሞ የሚመለከተውንም «ሂድና ተጫወት» ብለው አይግፉት፤ መመልከት ራሱ የመግቢያው በር ነው።

ሁለተኛ፦ ከቀኑ ላይ ያልተቆራረጠ ጊዜ ይክፈቱ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ደግሞ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃውን ጠንከር ባለ እንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ ይመክራል። ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ተቀምጦ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ይህን በአእምሮዎ ይዘው የልጅዎን ቀን ይቁጠሩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሰርቪስ ይሳፈራል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል፣ የቤት ሥራ ይጽፋል፣ ራት ይበላል፣ ይተኛል። የጨዋታ ጊዜ የተባለው ሁሉ የቀረው በሰርቪሱ ወንበር ላይ ነው።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ መክሰስ ከቀመሰ በኋላ፣ ደብተር ከመከፈቱ በፊት፣ 45 ደቂቃ ይተዉለት። ቁጥሩ ከልምዴ የተወሰደ ነው፤ በዚያን ሰዓት ግን አለመጥራቱ፣ አለመላኩና አለማቋረጡ ከቁጥሩ ይበልጣል። የአራት ዓመት ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ማን እናት፣ ማን ልጅ፣ ማን ባለ ሱቅ እንደሚሆን ለመስማማት ብቻ ሩብ ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል። ያ ሙግት የጨዋታው መግቢያ ብቻ ሳይሆን ከትምህርቱ ዋናው ክፍል ነው፤ በየአሥር ደቂቃው የሚጠራ ልጅ ከመግቢያው አያልፍም።

ሦስተኛ፦ ጠባብ ቢሆንም የታወቀ ቦታ ይስጡት

አንዲት ምንጣፍ የምታህል ጥግ ትበቃለች። በቤቱ ውስጥ «ይህ የእኔ ነው» የሚለው ስፍራ ሲኖረው፣ ዛሬ የጀመረውን ነገ ይቀጥላል፤ የካርቶን ቤቱን ሌሊት የሚያፈርስበት ከሌለ በማግሥቱ መስኮት ይቀድለታል። ቦታው ከእርስዎ ዕይታ ሳይርቅ ከምድጃው ይራቅ።

ከመጀመርዎ በፊት ተንበርክከው በልጁ ቁመት ቤቱን ይቃኙ። ከሰል ማንደጃ፣ ቡታጋዝና የፈላ ጀበና ከእጁ ሊደርሱ አይገባም። ውሃ የተቀዳበት ባልዲ ወይም ሳፋ ለሚድህና አዲስ ለሚራመድ ልጅ የሞት አደጋ ነው፤ ጥቂት ውሃ እንኳ ያሰምጠዋል፤ ክዳን ይደረግለት። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በርጩማ፣ ሳጥን ወይም ጀሪካን አያስቀምጡ፤ ልጅ መወጣጫ ያደርገዋል። ክብ ትንንሽ ባትሪዎች ቢዋጡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላሉ፤ ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይሂዱ።

አራተኛ፦ መጫወቻውን ከቤት ይሰብስቡ

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች ገንዘብ የለንም ብለው ያዝናሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን በሳሊ ግራንታም ማክግሬጎር መሪነት የተጀመረው ጥናት ይህን ሐዘን ያቀልላል። ጥናቱ ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸውን፣ የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ያካተተ ነበር። ከእነዚህ መካከል የተወሰኑትን የጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ቤታቸው እየሄዱ፣ በቤት ውስጥ ከሚገኝ ቁሳቁስ በተሠሩ መጫወቻዎች እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚያወሩ አሳዩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሲፈተሽ፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ልጆች ገቢ ካልታገዙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ልዩነቱን ያመጣው መጫወቻው ከሱቅ መገዛቱ አልነበረም፤ እናትየዋ ከልጇ ጋር የምትጫወትበትና የምታወራበት መንገድ ነበር።

ስለዚህ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ቆርኪ፣ ካርቶን፣ የእንቁላል ትሪ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ አሮጌ ነጠላ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ጣሳዎችና ያረጀ ሰፌድ ያሰባስቡ። በሁለት ካርቶን ይክፈሉና አንዱን ደብቀው በየሳምንቱ ይለዋውጡ፤ ከተደበቀበት የወጣ ዕቃ እንደ አዲስ ይታያል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ሶፍት የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ መለኪያ ያድርጉት፤ በቱቦው ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊያንቀው ስለሚችል አይሰጠውም። ቆርኪውና ባቄላው ከዚያ ዕድሜ በኋላ፣ ያውም በዓይንዎ ሥር ይሁን።

ሊጥም አይርሱ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ ተረቱ እውነት ነው፣ ነገር ግን ዳቦ በሚያቦኩበት ቀን እፍኝ የምታህል ሊጥ ቢሰጡት ራት ባይሆንም፣ በመጫን፣ በመጠቅለልና በመቆንጠጥ የሚጠነክሩት ጣቶች በኋላ እርሳስ የሚይዙት ናቸው። አምስት ዓመት ሳይሞላው ፊደል እንዲጽፍ ከሚገደድ ልጅ ይልቅ ሊጥ የጠቀለለ ልጅ ጽሑፉ ሲያምር አይቻለሁ።

አምስተኛ፦ ዝቅ ብለው ይቀመጡና ይከተሉት

ከመመሪያው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ አብሮ መጫወት አዋቂውን መሪ ያደረገው ይመስለዋልና። በቀን ለ15 ደቂቃ ስልክዎን ሌላ ክፍል አስቀምጠው መሬት ላይ ይቀመጡ፤ ምን እንጫወት ብለው አይወስኑ፤ የሚያደርገውን እያዩ ይጠብቁ። ሲጋብዝዎት ይግቡ።

ከገቡ በኋላም ፈተና አይፈትኑ። ልጅዎ ባዶ ስኒ አቅርባ «እማዬ፣ ቡና ጠጪ» ስትልዎት፣ «ስንት ስኒ አለ? ይህ ቀለም ምን ይባላል?» ቢሏት ጨዋታው ትምህርት ቤት ሆኖ ያበቃል። ይልቁንስ ቀምሰው «እሰይ፣ ደረሰልኝ። እኔ ግን ስኳር አልወድም፤ ጨው አለሽ?» ይበሏት። አሁን ማሰብ አለባት፤ ጨው የት እንዳለ ትፈልጋለች፣ ከሌለ ትፈጥራለች፣ ወይም «ጨው አልቋል፣ ሱቅ ልላክ» ትላለች። አንዲት ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር ጨዋታውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋዋለች። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) ልጅ ብቻውን ሊያደርገው በሚችለውና በሌላ ሰው እገዛ ሊያደርገው በሚችለው መካከል ያለውን ርቀት የትምህርት ዋና ስፍራ አድርጎ ያየው ነበር። የእርስዎ ድርሻ በዚያ ርቀት መካከል አንድ ድንጋይ ማስቀመጥ ነው፤ ተሻግሮ የሚሄደው ልጁ ነው።

ዝምታውም ይቻል። ካርቶኑ ሲወድቅበት ፈጥነው አያቁሙለት፤ አሥር ድረስ በልብዎ ይቁጠሩ። እስከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መላ ያመጣል፤ ካቃተው ራሱ ይጠራዎታል።

ስድስተኛ፦ ጨዋታውን ከዕድሜው ጋር ያስማሙ

ለሕፃን የመጀመሪያው መጫወቻ የእርስዎ ፊት ነው። ሲያንጎራጉር መልሰው ያንጎራጉሩ፣ ፊትዎን በነጠላ ሸፍነው ይግለጡ፤ ከዕይታ የተሰወረ ነገር ጨርሶ እንዳልጠፋ የሚማረው በዚህ ነው። ገና መዳህ ያልጀመረን ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን ውስጥ በጠቅላላው ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከፋፍለው በሆዱ ያስተኙት፤ አንገቱና ትከሻው ይጠነክራሉ።

ከሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ ዕቃ ዕቃ ይመጣል፤ በእኔ ግምት ከሕፃንነት ጨዋታዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ቡና ስታፈላ የምታደርገውን ልብ ይበሉ። ታጥባለች፣ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ታፈላለች፣ ትቀዳለች፤ ቅደም ተከተሉን ካዛባች ጓደኞቿ ያርሟታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትል አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለች ነው። እንግዳ የሆነው ልጅ ስኒው እስኪደርሰው ተራውን ይጠብቃል፤ በሌላ ጊዜ አንድ ደቂቃ መታገሥ የማይችለው ልጅ፣ «እንግዳ» ስለሆነ ብቻ ይታገሣል። ራስን መግዛት እንዲህ ሚና ውስጥ ተደብቆ ይለመዳል።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ጠጠሩ ቡና፣ ጣሳው ጀበና ሆኗል። አንድ ነገር በሌላ ነገር ቦታ ቆሞ መናገር እንደሚችል የተረዳ ልጅ፣ «ለ» የተባለው ሥዕል የአንድ ድምፅ ምትክ መሆኑን ለመቀበል ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ፊደል ቶሎ እንዲለይ የሚቸኩል ወላጅ ዕቃ ዕቃውን ሲያስቆም የራሱን መሠረት ያፈርሳል። ወንድ ልጅ ቡና ሲያፈላም አይከልክሉት፤ ሴት ልጅ ሹፌር ስትሆን እንደማይከለክሏት ሁሉ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሕግ ያላቸው ጨዋታዎች ይጥማሉ። ሰኞ ማክሰኞን በኖራ ወይም በከሰል ሰባት ክፍል አድርገው ይሥሉ፤ በየክፍሉ የአንድን ፊደል ሰባት ድምፆች በተርታ ይጻፉ፣ ለምሳሌ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ። ልጁ ጠጠሩ ያረፈበትን ድምፅ እየጠራ በአንድ እግሩ ይዘላል። ሰኞ ማክሰኞውን ሲዘልል ሚዛን የሚጠብቀው አካሉ ነው፤ ጆሮው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ልዩነት ይለያል። ጨዋታው ግን የእሱ ይሁን፤ አንድ ቀን ያለ ፊደል ልዝለል ካለ ይዝለል።

ገበጣን ከእንቁላል ትሪ ላይ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያላቸውን ሁለት ረድፎች ቆርጠው መሥራት ይቻላል። ከአንዱ ጉድጓድ ያነሱትን በቀጣዮቹ አንድ አንድ እያደረጉ ማደል መቁጠርን ያስተምራል፤ «የመጨረሻዋ የት ታርፋለች?» ብሎ አስቀድሞ ማሰብ ደግሞ ዕቅድ ነው። የአጨዋወቱ ሕግ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አያቱን ወይም ጎረቤት ያሉትን ጋሼ ጠይቆ ይማር፤ ጥየቃው ራሱ ጨዋታ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ፤ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ወንዝ ላይ እስኪደርስ ድረስ መኪናውን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን በአእምሮው አሰልፎ አንድ በአንድ ይፈትናል። ካቃተው አገር ይሰጣል፤ የአገሮችንና የከተሞችን ስም በዚሁ ይለምዳል።

ሰባተኛ፦ ወደ ደጅ ያውጡት

መሀል ከተማ ላይ ደጁ መኪና ነው። መጀመሪያ ቅርቡን ይፈልጉ፦ የኮንዶሚኒየሙን ግቢ፣ የጋራ መገልገያው ሕንፃ ጀርባ ያለውን ባዶ ስፍራ፣ የመኪና ማቆሚያውን። ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ተነጋግረው፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት መኪናዎች ከአንዱ ጥግ እንዲነሡ ማስማማት ይቻላል። ወላጆች በተራ ይጠብቁ፤ ትልልቆቹና ትንንሾቹ ይቀላቀሉ፤ የአራት ዓመቱ ልጅ አባሮሽንና ድብብቆሽን የሚማረው ከእርስዎ ሳይሆን ከስምንት ዓመቷ ጎረቤት ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው እንቅስቃሴ መንገዶች ለተሽከርካሪ በሚዘጉበት እሑድ አስፋልቱን ለልጆች ይከፍታል፤ ካለ አያምልጥዎ። ከአራት ኪሎ ብዙ የማይርቀው ወዳጅነት ፓርክም ይሆናል፤ ዝናብ ከሆነ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። በሄዱበት ሁሉ ግን ከማሳየት ይልቅ ይተዉት፤ ብዙ ልጆች ፓርክ ሄደው ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ፣ ሣር ሳይነኩ።

ትንሽ አደጋም ይፍቀዱ። ዝቅተኛ ግንብ ላይ ወጥቶ መዝለል፣ ቁልቁለት መሮጥ፣ ወድቆ ጉልበት መላጥ ልጁ የአካሉን ልክ የሚለካበት ነው። «ተጠንቀቅ» ከማለት ይልቅ «እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?» ብለው ይጠይቁት። በክረምት ከሐምሌ ጀምሮ ትምህርት ሲዘጋ የወረቀት ጀልባና የዝናብ ኩሬ ይበቃሉ፤ ለቡሄ ሆያ ሆዬ፣ ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ሲለማመዱ ደግሞ አውጪና ተቀባይ ሆነው ግጥም ያጠናሉ፣ የተሰጣቸውን ገንዘብ ይከፋፈላሉ።

ስምንተኛ፦ ሲጣሉና ሲሸነፉ

ካልተማቱ ወይም አንዱ በተደጋጋሚ ካልተገፋ ፈጥነው አይግቡ። ከገቡ ዳኛ አይሁኑ፤ የሁለቱንም ቃል ደግመው ይናገሩና «እንግዲህ ምን ይሻላል?» ብለው ይጠብቁ። ሆን ብለው ሁልጊዜ አይሸነፉለትም፤ ሽንፈትን ከሚወደው ሰው ጋር ያልተለማመደ ልጅ ከማን ጋር ይለማመዳል?

ዘጠነኛ፦ መምህሯን ያነጋግሩ

የኬጂ ልጅ በየማታው ገጽ ሙሉ ጽፎ እንዲመጣ ከታዘዘ፣ በቁጣ ሳይሆን በምሳሌ ይነጋገሩ። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፉትን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ «ቆርኪ ሲደረድር እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ ወረቀት ላይ ግን ያለቅሳል፤ በዕቃ ቢቆጥር ይሆን ይሆን?» ይበሏት። ብዙ መምህራን ገጹን የሚያበዙት ወላጅ ስለሚጠይቃቸው ነው፤ እኔም ከእነዚያ አንዷ ነበርሁ። አስፈላጊ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 የልጅን የማረፍና የመጫወት መብት እንደሚያውቅ ለወላጅ ኮሚቴው ማስታወስ ይቻላል።

ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ልጅዎ በዘጠኝ ወሩ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በዓመት ከግማሹ በጣቱ ካላመለከተ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ካላጣመረ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል አስመስሎ መጫወት ካልጀመረ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ይችል የነበረውን ነገር ካቆመ፣ «ይደርስበታል» ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም፤ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሲሄዱ ደብተሩን ይያዙ፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት በምን እንደሚጫወት ነው።